ጸጥ ያለው ቀፎ

አንድ ንብ አናቢ ነበረ። በጓሮው፣ ዝቅ ካለ መደብ ላይ፣ አንድ ቀፎ ነበረው፤ ኑሮውም በእሱ ነው። ማር ሲቆርጥ ደረቅ ኩበት ለኩሶ ቀፎውን ያጥናል፤ ጭሱ ሲገባ ንቦቹ ጸጥ ይላሉ። ይህ የሙያው ደንብ ነው። ሰውየው ግን ጸጥታውን ወደደው። ማር በማይቆረጥበት ወቅት እንኳ ንቦቹ ባጉረመረሙ ቁጥር ማጠን ጀመረ።

ሚስቱ «ምነው አፈንካቸው?» ስትለው፣ «ተይ እንጂ፤ ሲታጠኑ እንዴት እንደሚረጋጉ አታይም?» ይላታል።

ውሎ አድሮ ከቀፎው የሚወጣው ንብ ሳሳ። ማሩም ጭስ ጭስ አለ።

አንድ ቀን ዝናብ ኩበቱን አርሶት አደረና እሳት አልያዝ አለ። ቀፎው ሳይታጠን ዋለ። በማግስቱ ጩኸቱ ገበያ መሰለ። ሰውየው ንቦቹ ሊኮበልሉ ነው ብሎ ደነገጠ፤ እነሱ ከሄዱ የሚበላው የለም። ከጎረቤት በገል ፍም ለምኖ ሲመለስ ሚስቱ ከፊቱ ቆመች።

«መጀመሪያ የሚሠሩትን እይ።»

«ሲነድፉኝ ልትስቂ ነው።»

«እስቃለሁ። ግን እይ።»

ፍሙን እንደያዘ ከቀፎው አፍ አጠገብ ቁጢጥ አለ። አንዲት ንብ የሞተች ንብ እየጎተተች ወጣች፤ ውጭ ጥላት ተመለሰች። ሌላዋ የጠቆረ የሰም ፍርፋሪ ይዛ መጣች። ከኋላዋ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ያዘዛቸው አልነበረም። ጭሱ አደንዝዟቸው የተዉትን ቤት እየጠረጉ ነበር፤ ያስደነገጠው ጩኸትም የሥራቸው ድምፅ ነበር። ሰውየው ፍሙ በያዘው ገል ላይ ከስሞ አመድ እስኪሆን ድረስ ከዚያ አልተነሣም።

ይህን ታሪክ የተናገረው አንድ መምህር ነበር፤ ሲጨርስ ምክር ወደ ጠየቀው ሰው ዞረ።

«‹ሲጋራ ሳጨስ ደረቴ ጸጥ ይል ነበር፤ ከተውኩ ወዲህ ሳል ያዘኝ፤ ብመለስበት አይሻልም ወይ?› ብለኸኛል። ቀፎው ሳንባህ ነው፣ ወዳጄ። በአየር ቧንቧህ ውስጥ አክታና ቆሻሻ ወደ ላይ የሚጠርጉ፣ በዓይን የማይታዩ ጸጉሮች አሉ። ጭሱ አደንዝዟቸው ነበር፤ አሁን ነቅተዋል። ሳልህ የእነሱ ጠረጋ ሊሆን ይችላል። ሳምንታት አልፈው ካልቀነሰ፣ ወይም ደም ካየህበት፣ ሐኪም ይይህ። የተጎዳው ሁሉ አይመለስም፤ የፈረሰ የሳንባ ክፍል ፈርሶ ይቀራል። የልብ በሽታውና የካንሰሩ ሥጋት ግን ከሲጋራ በራቅህ መጠን እየቀነሰ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ዘመን አፍነሃቸው፣ ጭሱ ሲቀር ማንም ሳያዛቸው ሥራ ጀመሩ። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል። ተዋቸው፣ ይሥሩ።»