የእመት አህይት እንጉርጉሮ

ጠጋ በሉ፤ ጆሮ ስጡኝና ተረት ልስጣችሁ።

ድሮ ድሮ፣ አውሬውም ዕቃውም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ አንዲት ያረጀች አህያ ነበረች። እመት አህይት ይሏታል። ዕድሜዋን ሙሉ እህል ተጭና ዳገት ስትወጣ ኖራለች። ዳለቻ የምትባል ውርንጭላ ነበረቻት፤ እሷንም ጅብ በላባት። ከዚያ ወዲህ ዳገቱን በወጣች ቁጥር እንዲህ እያለች ታንጎራጉራለች፦

«ዳለቻ ልጄ ሆይ፣ ዳገቱ ረዘመ፤
ጭነቱስ ቀላል ነው፣ ልቤ ነው የደከመ።»

መንገዱ ዳር ካለው ዋርካ ላይ በቀቀን ይኖር ነበር። ድምፁ ያማረ ነው፤ የራሱ ዘፈን ግን የለውም። እመት አህይት ስታልፍ ስታገድም እየሰማ እንጉርጉሮዋን አጠናው።

በዚያ ዘመን ድምፅ የምትይዝ ቅል ነበረች። ዘፍነው ሲከድኗት ትይዛለች፤ ሲከፍቷት መልሳ ትዘፍናለች። በቀቀንም ዘፈኑን በቅል እየሞላ ገበያ አወጣው። ዝንጀሮ ገዛ፣ ሚዳቋ ገዛች፣ ጦጣም ለልጇ ሰርግ ገዛች። የበቀቀን ጎተራ በማሽላ ሞላ።

አንድ የገበያ ቀን እመት አህይት ጭነቷ ሲራገፍላት እንደ ልማዷ አንጎራጎረች።

«እመት አህይት፣ የሌላውን ዘፈን አታበላሺ» አለቻት ጦጣ። «እሱ የአያ በቀቀን ነው።»

ጦጣ ቅሏን ከፈተችላት። ዜማው ያው ነው፤ ቃሉም ያው ነው። «ዳለቻ ልጄ ሆይ» የሚለው ቦታ ላይ ግን «በቀቀን ጎበዙ» ይላል። እመት አህይት እዚያው ተቀመጠች።

ከዚያም ተነሥታ ወደ በቀቀን ሄደች። «አያ በቀቀን፣ ዘፈኔን ሳትጠይቀኝ ለምን ወሰድከው?»

«መንገድ ላይ የተዘፈነ የሁሉም ነው» አላት። «ደግሞስ በአንቺ ድምፅ ማን ይገዛዋል?»

በቀቀን መጀመሪያ ሞልቶ ለራሱ ወዳስቀራት ቅል ሄደች። «ቅል ሆይ፣ ዘፈኑ የማን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።»

«እኔ የሞሉብኝን እይዛለሁ» አለች ቅል። «የማን ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም።»

ዳኛው አባ ዔሊ የሚኖሩት ከወንዙ ማዶ ነው። እመት አህይት ወንዙ ዳር ቆመች። «ሄጄስ ምን ላገኝ?» አለች። ልትመለስ ዞር አለች። የልጇ ስም ከዘፈኑ እንደወጣ መቅረቱን ስታስበው ግን አላስችል አላትና ተሻገረች።

አባ ዔሊ በቀቀንንና ቅልን አስጠሩ። በቀቀን «የራሴ ነው» ብሎ ማለ።

አባ ዔሊም ወደ ቅል ዞረው «የማን ነው?» ብለው ጠየቋት።

ቅል መጀመሪያ የተሞላችውን ዘፈን አሰማች። በቀቀን ይዘፍናል። ከኋላው፣ ከዋርካው ሥር፣ አንድ የሻከረ ድምፅ «ዳለቻ ልጄ ሆይ» እያለ ያልፋል። እመት አህይት አንገቷን ደፋች።

አባ ዔሊ እንዲህ ፈረዱ፦ «ድምፁ የበቀቀን ነው፤ የድካሙን ያግኝ። ዘፈኑ ግን የእመት አህይት ነው። መዝፈን የሚፈልግ ያስፈቅዳት፤ ከሸጠው ቅል ሁሉ ድርሻዋን ይስጣት። የወጣውም ስም ወደ ቦታው ይመለስ።»

በማግስቱ በቀቀን ማሽላ ይዞ ደጇ መጣ። «እመት አህይት፣ ይፍቀዱልኝ» አላት።

ማሽላውን አየችው። ጥርሷ አልቋል፤ መቆርጠም ካቃታት ቆይቷል።

«እዚያ አስቀምጠው» አለችው። «ዝፈነው፤ ፈቅጃለሁ። ስሟን ግን እንዳትዘለው።»

ከዚያ በኋላ እመት አህይት ዳገቱን ስትወጣ አላንጎራጎረችም። ከገበያው በኩል የልጇ ስም ሲጠራ እየሰማች፣ ዝም ብላ ትወጣለች።

ልጆቼ፣ የሌላውን ዘፈን መዝፈን ነውር የለውም፤ ባለቤቱን ሳያስፈቅዱና ድርሻውን ሳይሰጡ መሸጥ ግን ስርቆት ነው። ተረቴ እዚህ ላይ አለቀ። እናንተም ለሌላ ስታወሩት፣ ከማን እንደሰማችሁት ተናገሩ።