ሳይበርድ የተደፈነው ጉድጓድ

አንድ ጊዜ፣ በጥር ወር፣ ሐሙስ ቀን በቀትር፣ የአንድ ሸለቆ እንስሳት ኑሮ ሁሉ ተበላሸ። በዚያን ቀን የተበላሸ ነገር መኖሩን ያወቀ ግን አንድ አህያ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ሲዘፍኑ ዋሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሸለቆው በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ይራባል። ወንዙ ይሞላል፣ መሻገሪያ ይጠፋል፣ አደን ይርቃል፣ የሾላው ፍሬ ያልቃል። የሚተርፈው ሳር ብቻ ነው፤ ሳር ደግሞ ለሁሉም ሆድ አይሆንም። ስለዚህ አንበሳ እንስሳቱን ሰበሰበና፣ «በበጋ ያገኘነውን አድርቀን ለክረምት እናስቀምጥ። ይህን ሥራ የሚያውቅ ማነው?» ብሎ ጠየቀ።

ከአህያ በስተቀር ማንም አያውቅም ነበር። አህያ ሰባት ዓመት ለአንድ ገበሬ ጭነት ተሸክሟል። ከገበያ ተመልሶ ሲታሰር የገበሬውን ሚስት ያያት ነበር፤ እህል ስታሰጣ፣ ስትቀላቅል፣ ስትደፍን። ሌሎቹ አህዮች ሲያንቀላፉ እሱ ያይ ነበር።

«እኔ አውቃለሁ ጌታዬ» አለ። «የሚገዛ ነገር የለበትም። አመድ፣ እበት፣ ጭድ፣ ቅልና ፀሐይ ይበቃናል። ግን እኔም አንድ ነገር እለምናለሁ።»

«ምን?»

«አያ ጅቦ እንዳይበላኝ።»

እንስሳቱ ሳቁ። ጅብ አልሳቀም፤ ነገሩ እሱን የሚመለከት ነበርና። አንበሳ መዳፉን አነሣ። «ክረምቱን የሚያሻግረንን ጎተራ እስከጠበቅህ ድረስ ጅብ አይነካህም» አለ።

አህያ በማግሥቱ ሥራ ጀመረ። ጎተራ የሚሆነው ጉድጓድ ከወንዙ ርቆ ጉብታ ላይ ይቆፈር አለ፤ ውሃ እንዳይደርስበት። መቆፈሩን ለጅብ ሰጡት። ጅብ ሲቆፍር በየመሀሉ ቀና እያለ፣ «እዚህ የሚገባው ሥጋ ነው አይደል?» ይላል።

«ሥጋም ይገባል፣ እህልም ይገባል» ይለዋል አህያ። «አንተ ብቻ ነህ የማትገባው።»

ጉድጓዱ አሥር ቀን አፉን ከፍቶ ፀሐይ መታው። ከዚያ አህያ ግድግዳውን እበትና አመድ አስለቀለቀው፣ ወለሉ ላይ ጭድ አስነጠፈ። ጦጣዎች ከታጨደው ማሳ ቃርሚያ ለቀሙ፤ ጤፍ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ። የሾላ ፍሬ እየሰነጠቁ ድንጋይ ላይ አሰጡ። ከአንበሳ አደን የተረፈው ሥጋ እየተዘለዘለ ቅርንጫፍ ላይ ተሰቀለና ቋንጣ ሆነ። አህያ በየቀኑ እየዞረ ሁሉንም ይሞክር ነበር። ባቄላው ጥርስ ውስጥ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ጥርስ ካስገባ ገና ነው። ቋንጣው ሲታጠፍ ከተሰበረ ደርቋል፤ ከተለመጠ ይመለስ።

ባቄላውን ከጤፍ ጋር ሲያቀላቅል እመት ጦጣ፣ የጦጣዎቹ አለቃ፣ አኮረፈችው።

«ይህን ሁሉ ለይተን ለቅመን መልሰህ ትደባልቀዋለህ? በኋላ ማን ሊለየው ነው?»

«ጤፉ በባቄላው መሀል ያለውን ክፍተት ሁሉ ይሞላዋል። ነቀዝ መላወሻ ያጣል። መለየቱ የነሐሴ ሥራ ነው፤ በነሐሴ ደግሞ ሌላ ሥራ የለሽም።»

እመት ጦጣ አሰበችና ትክክል ሆኖ አገኘችው።

አህያ አንድ የማይታለፍ ሕግ ነበረው። ከፀሐይ የተነሣ ነገር በዚያው ቀን አይደፈንም፤ ጥላ ውስጥ አድሮ፣ በርዶ፣ በማግሥቱ ነው የሚደፈነው። «ትኩስ ነገር ከተዘጋበት ያልበዋል» ይል ነበር። «ላቡ መውጫ ሲያጣ ተመልሶ ራሱን ያረጥበዋል።» እንዲያዩለት ብሎ ጤፍና ባቄላ በሦስት ቅሎች ሞልቶ፣ አሳድሮ አብርዶ፣ አፋቸውን በጭቃ ደፍኖ ከአንድ ቋጥኝ ሥር አስቀመጠ። ለእመት ጦጣም አሳያት።

ይህን ሁሉ ቀበሮ ከሾላው ጥላ ሥር ሆኖ ይመለከት ነበር። አንዲት ፍሬ አልለቀመም። ነገር ግን በየቀኑ ወደ አንበሳ እየሄደ ሥራው የት እንደደረሰ ያወራል፤ ሲያወራም «አደረግን» ይላል። የሚሠራና የሚያወራ ሲገናኙ ሹመቱ ለሚያወራው ነው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አንበሳ ቀበሮን የጎተራው ሹም አደረገው። አህያ ሥራ በዝቶበት ስለነበር ልብ አላለውም።

ከዚያ ያ ሐሙስ መጣ። ቀበሮ ጉድጓዱ በቀትር፣ አንበሳ ቆሞ እያየ እንደሚደፈን ለሸለቆው ሁሉ አስነግሮ ነበር። አህያ ከፀሐይ የተነሣውን እህል ወደ ጥላ ሊያጓጉዝ ሲነሣ ቀበሮ መንገዱ ላይ ቆመ።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ጥላ። እስከ ነገ ጠዋት ይብረድ።»

«ጌታችን በቀትር ይመጣሉ። ባዶ ጉድጓድ ላሳያቸው ነው?»

«የሞላውን ነገ ይዩት።»

«ወንድሜ» አለ ቀበሮ በለዘበ ድምፅ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ይድረቅ ስትል ከረምህ። ይኸው ደረቀ። አሁን ደግሞ ይብረድ አልህ። ነገ ምን ልትለን ነው? ይተኛ?»

ዙሪያውን የቆሙት ሳቁ። ጅብም ቋንጣው ላይ እንዳፈጠጠ ምራቁን ዋጠና፣ «የደረቀ ነገር ደግሞ ምን ላብ አለው?» አለ።

አንበሳ በዚህ መሀል ደረሰ። አህያ ቀርቦ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመና ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ። «ጌታዬ፣ እህሉ ትኩስ ነው። ዛሬ ከተደፈነ ይሻግታል። አንድ ሌሊት ብቻ ይስጡኝ።»

አንበሳ አህያን አየ፣ ቀጥሎ ቀበሮን አየ።

«መቼም ሠራተኛ ሥራው እንዲያልቅ አይወድም፣ ጌታዬ» አለ ቀበሮ።

አንበሳ አዛጋ። «ሹሙ እንዳለው ይሁን።»

እህሉ ገባ፣ የሾላው ፍሬ ገባ፣ ቋንጣው ገባ። በላዩ ወፍራም ጭቃ ተመረገ። በሸለቆው ልማድ ነገር ቀብሮ የደፈነ እንስሳ እርጥቡ ጭቃ ላይ እግሩን ያትማል፤ በስርቆት የተከፈተ እንደሆነ እንዲታወቅ ነው። ቀበሮ አህያን፣ «በል እንግዲህ፣ ኮቴህን አትም» አለው። አህያ አመነታ። ፊት ለፊቱ አንበሳ ቆሟል፣ ከኋላው ጅብ ታፋውን ያያል። የፊት እግሩን አነሣና አተመ። ጥፋት ከተባለ የእሱ ጥፋት ይህችው ናት።

በሐምሌ ወንዙ ሞላ፣ ሸለቆው ተራበ፣ ጉድጓዱ ተከፈተ። መጀመሪያ የወጣው ሽታ ነበር። እህሉ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሶ እንደ ጡብ ተጣብቋል፤ የሾላው ፍሬ ፈሷል፤ ቋንጣው ጠጉር አብቅሏል። ሁሉም ሲሸሽ ጅብ ዘሎ ገባ።

«ጠጉር አለው ብላችሁ ነው? እኔ መቼ ጠጉር ለይቼ በልቼ አውቃለሁ?» አለና ጠግቦ ወጣ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ይንፈራፈር ጀመር።

አንበሳ ሁሉንም በሾላው ሥር ሰበሰበ። «ይህን ያበላሸው ማነው?»

ቀበሮ የደረቀውን የጭቃ ክዳን ይዞ ቀረበ። «እኔ ማንንም አልከስም፣ ጌታዬ። ኮቴው ይናገራል።»

«ይብረድ ብዬ ነበር» አለ አህያ። «ሁላችሁም ሰምታችኋል። እመት ጦጣ፣ አጠገቤ ነበርሽ።»

እመት ጦጣ የልጇን ጀርባ ትፈትሽ ጀመር። «እኔ እንኳ ያን ሰሞን ጆሮዬን አሞኝ ነበር» አለች።

«አያ ጅቦ፣ የደረቀ ነገር ምን ላብ አለው ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

ጅብ ከተኛበት አንድ ዓይኑን ከፈተና ቀበሮን አየው። «ያን ቀን ቋንጣውን ነበር የማየው» አለ። «እኔ ሳይ አልሰማም።»

አህያ ሄዶ ሦስቱን ቅሎች አመጣ። ጭቃውን ሰብሮ በሁሉም ፊት አፈሰሰው። ከባቄላው አንዷን አንሥቶ ነከሰ፤ ቀጭ አለች። «ይህ በዚያው ሳምንት፣ ከዚያው ማሳ የመጣ ነው። ያደረቀው ያው ፀሐይ ነው። ልዩነቱ አንድ ሌሊት ጥላ ውስጥ ማደሩ ብቻ ነው።»

ጉባኤው አንገቱን እያሰገገ ወደ ባቄላው ተጠጋ። አህያ የዳነ መሰለው።

ቀበሮ አንዲት ፍሬ አነሣ፣ አሸተተ፣ ራሱን በሐዘን ነቀነቀ። «አያችሁ?» አለ። «ደኅናውን ለራሱ ደብቆ፣ የሚሻግተውን ለእኛ ቀበረ።»

ማጉረምረም ተነሣ። ለተራበ መንጋ እውነቱን ከማግኘት ይልቅ ጥፋተኛ ማግኘት ይቀለዋል። አንበሳም፣ «ጥበቃዬን አንሥቻለሁ። ከሸለቆው ውጣ» ብሎ ፈረደ።

አህያ አልጮኸም። «እወጣለሁ፣ ጌታዬ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ያን ቀን እርስዎ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው ነበር። ትኩስ ነው፣ ይሻግታል ስል ሰምተውኛል ወይስ አልሰሙኝም?»

አንበሳ ጭራውን ወዘወዘ፣ ተነሣ፣ ወደ ዋሻው ገባ። ጉባኤው ተበተነ። ከቅሎቹ የፈሰሰውን ደኅና እህል ለቃቅመው በሉት፤ የሌባ ነው እያሉ በሉት። አህያ በሕይወት ተራራውን የተሻገረው ፍርዱ ስለራራለት አይደለም። ጅብ ሆዱን አሞት መነሣት ስላቃተው ነው።

ከተራራው ማዶ አህያ አራት ዓመት ኖረ። ጀርባውን ለገደል ሰጥቶ፣ ቆሞ ያንቀላፋል። በአራተኛው ዓመት ጥር ላይ እመት ጦጣ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለች መጣች።

«እንደምን ከረምህ፣ ወንድሜ?»

«እግዜር ይመስገን። ጆሮሽ ተሻለሽ?»

እመት ጦጣ እንዳልሰማች ሆነች። «ሸለቆው ደኅና ነው» አለች። «አምና አልሻገተብንም፣ ካቻምናም አልሻገተብንም። ከፀሐይ ያነሣነውን አንድ ሌሊት ጥላ ውስጥ እናሳድረዋለን። ባቄላውን ከጤፍ እንቀላቅላለን። ደግሞም በአንድ ጉድጓድ አናደርገውም፤ በትንንሽ ቅል እንከፋፍለዋለን፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። የቀበሮ ዘዴ ነው የሚባለው።»

«ጥሩ ዘዴ ነው» አለ አህያ።

«የመጣሁት ለሌላ ነው። ጌታችን ይቅርታ አድርገውልሃል። ጅብ አይነካህም፣ ግባ ብለዋል። ቀበሮ አርጅቷል፤ ባቄላውን በጥርሱ የሚሞክርለት ይፈልጋል።»

«እኔ ይቅርታ አልጠየቅሁም» አለ አህያ። «የጠየቅሁት ጥያቄ ነው።»

«ያው አይደለም እንዴ? ትገባለህ፣ ሳትፈራ ትተኛለህ፣ በቃ።»

አህያ ተከትሏት ወረደ።

በሾላው ሥር ሁሉም ተሰብስበው ነበር፤ ጠግበው፣ ወፍረው። አንበሳም ሸምግሏል። «መጣህ? ደግ አደረግህ። ይቅር ብዬሃለሁ» አለው።

«ምን አጥፍቼ ነው፣ ጌታዬ?»

ቀበሮ ጣልቃ ገባ። «ያለፈ ነገር መቆፈር ለማን ይበጃል? ይኸው ሁሉም ጠግቧል።»

«አንተን አልጠየቅሁም» አለ አህያ።

ጅብ ወደ ፊት ተጠጋ። «ይቅርታውን አልቀበልም ካለ፣ እንግዲህ ለእኔ ተፈቅዷል ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። መጠበቁ ሰለቸው። «ደግሞስ ምን ያጨቃጭቃችኋል? ብሎ ነበር እኮ። ይብረድ፣ ይሻግታል ብሎ ነበር። እኔም ሰምቻለሁ፣ እመት ጦጣም ሰምታለች። ዝም በል ብሎ ቀበሮ አንድ ሙሉ ታፋ ሰጠኝ፤ ታፋውም ካለቀ ቆየ።»

ሞኝ የሚዋሸው ጉርሻው አፉ ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። እመት ጦጣ መሬት መሬት አየች። ቀበሮ የጭራውን ጫፍ ይልስ ጀመር። ሁሉም ወደ አንበሳ ዞሩ።

«ጌታዬ» አለ አህያ፣ «ጅብ እንኳ ተናገረ። ያስወጣኝ ግን ጅብ አይደለም፤ ቀበሮም አይደለም። የፈረዱት እርስዎ ነዎት። ሰምተውኛል ወይስ አልሰሙኝም?»

አንበሳ ዓይኑን ጨፈነ። «ደክሞኛል» አለ። «ነገ እንነጋገር።»

«እዚሁ ነኝ» አለ አህያ። ጀርባውን ለጅብ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ አንበሳ አድርጎ ቆመ።

ከዚህ የምንማረው ትኩሳቱ ሳይወጣለት የተደፈነ እህል ከውስጥ እንደሚሻግት ሁሉ፣ መልስ ሳያገኝ የተዘጋ ጥያቄም ስንት ዓመት ቢያልፍበት መሽተቱን እንደማይተው ነውና፣ በዚያ ቀትር ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ የሰማ አሁን አፉን ከፍቶ ይመልስ።