ቡላና ሦስቱ ዳኞቹ

ዳኛን ማን ያቁመው በሚል ሰው ሲሟገት፣ አንዱ «ከላይ ይሾም»፣ ሌላው «ሕዝብ ይምረጥ» እያለ ጉሮሮው ሲደርቅ፣ የኛ አገር ሽማግሌ ጣልቃ አይገባም። ዓይኑን ወደ ገዛ እግሩ ይጥልና አንዲት አባባል ይወረውራል። የሰማ ሁሉ ይስቃል፤ ከየት እንደ መጣች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የመጣችው ከአህያ ነው። አህያና ቁም ነገር ምን አገናኛቸው የሚል ካለ፣ ቡላን አላወቀውም ማለት ነው።

ቡላ የእትዬ አንጓች አህያ ነበር። አንጓች ባሏ ከሞተ ወዲህ ከደጋ ገብስ ወደ ቆላ፣ ከቆላ ጥጥ ወደ ደጋ እያመላለሰች ሦስት ልጆች የምታሳድግ፣ ምላሷም ጉልበቷም የማያሳፍራት ሴት ናት። ቡላ ከሌለ ገበያ የለም፤ ገበያ ከሌለ ልጆቿ ጦም አዳሪ ናቸው። ይህን ቡላም ሳያውቅ አይቀርም፤ ኩራቱ ልክ አልነበረውማ።

በሚያዝያ አንድ ቀን ቡላ ገመዱን በጥሶ ጠፋ። አንጓች ጋራ ሸንተረሩን ስትፈልግ ሰንብታ በሳምንቱ አገኘችው፤ አቶ ጫኔ ደጅ ታስሮ ገለባ ይበላል። ጫኔ የአገሩ ገዥ የፊታውራሪ በቅሎ ጫኝ ነው።

«ጫኔ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አህያዬን አቆየህልኝ» አለችው።

«የምን አህያሽ? ይህ የኔዋ አህያ የወለደችው ነው። በእጄ ነው ያሳደግሁት» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ነገሩ ዳኛ ዘንድ ሄደ። ዳኛው ፊታውራሪ የሾሙት አቶ ዘርጋው ነው። ከመንገዱ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጦ ያስችላል። ያ ዋርካ ጥላው መልካም ነው፤ አንድ ነውር ብቻ አለበት፤ ከሥሩ ሆነው ቀና ሲሉ ኮረብታው ላይ የፊታውራሪ ግቢ ፊት ለፊት ይታያል። ቡላን አምጥተው ዳኛው እግር ሥር፣ የዋርካው ሥር ላይ አሰሩት።

«ጌታዬ፣ አህያዬ እኔና ፈጣሪ ብቻ የምናውቀው ምልክት አለው። ቦታውን ለእርስዎ በጆሮዎ እነግራለሁ፤ ጫኔም ይንገርዎ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ይዩ፤ ሌላ ነገር አልለምንም» አለች አንጓች።

ዘርጋው ጎንበስ አላለም። ይልቅ ቀና አለ። የፊታውራሪን ግቢ፣ የግቢውን አጥር፣ ከአጥሩ በላይ የሚወጣውን ጭስ አንድ በአንድ መረመረ። በቅሎ ጫኙን ያስከፋ፣ ነገ በቅሎዋ ላይ የሚቀመጡትን አስከፋ ማለት ነው። ጉሮሮውን ጠረገና «ነገሩ ከባድ ነው። ለወሩ ተቀጥራችኋል፤ አህያው እስከዚያ በኔ ደጅ ይቆያል» አለ።

ወሩ ደረሰ፤ ዘርጋው ቀና አለ፤ ለወሩ ተቀጠሩ። ግንቦት እንዲህ ሄደ፣ ሰኔም ሄደ፣ ሐምሌም ሄደ። ዳኛው አንገቱ ሽቅብ ደርቆ ቀረ ብለው ሰዎች ያሙት ጀመር። ቡላ ግን በዳኛው ደጅ አልቦዘነም፤ የዳኛውን እንጨት ያመላልሳል። አንጓች ደግሞ ቡላ ይሸከመው የነበረውን ገብስ በገዛ ጀርባዋ ትሸከማለች፤ ቡላ በአንድ ገበያ ያደርሰው የነበረውን እሷ በአራት ማድረስ አቃታት።

በዘርጋው የተማረረችው እሷ ብቻ አልነበረችም። አገሩ ተሰብስቦ ፊታውራሪ ደጅ ሄዶ «አቤት! አቤት!» አለ። አንጓች ከፊት ሆና ድምጿ እስኪዘጋ ጮኸች። ፊታውራሪ በሦስተኛው ቀን ጩኸቱ ሲሰለቻቸው ብቅ አሉ።

«እኔ የሾምሁት ካልጣማችሁ ራሳችሁ ምረጡ! ዓመት በዓመት በመስቀል ማግስት፣ ለአንድ ቤት አንድ ባቄላ። በምትወዱት ሰው ቅል ውስጥ ጨምሩ፤ ባቄላው የበዛለት ይዳኛችሁ። እኔን ግን አስተኙኝ!»

አገሩ በእልልታ ቀለጠ። ወዲያው አቶ ላመስግን የሚባል፣ ከአፉ ማር ጠብ የሚል ጎረቤት ቤት ለቤት መዞር ጀመረ። አንጓች ዘንድ መጥቶ ልጆቿን ጉንጭ ጉንጫቸውን ሳመና «እትዬ፣ የቡላ ነገር እኮ እንቅልፍ ነሳኝ» አላት። አንጓች ሆዷ ባባ። ከዚያ ወጥቶ ጫኔ ዘንድ ገብቶ «ጫኔ ወንድሜ፣ ያንተ ነገር እኮ እንቅልፍ ነሳኝ» እንዳለው የሰማችው ኋላ ነው። እንዲያ እንቅልፍ የነሳው ሰው ፊቱ እንዴት ያን ያህል እንደ ወዛ የጠየቀው የለም።

በመስቀል ማግስት አንጓች ከጎታዋ ወፍራሙን ባቄላ መርጣ፣ በነጠላዋ ወልውላ የላመስግን ቅል ውስጥ ጣለች። አባ ተድላ የሚባሉ፣ ዋርካው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሚውሉ ሽማግሌ ነበሩ። «አባ፣ የእርስዎን ባቄላ የት ጨመሩት?» ብትላቸው «ሆዴ ውስጥ» አሏት፤ «ቀቅዬ በላሁት።»

«ምነው አባ! እንዲህ ያለ ቀን ሲገኝ?»

«የበላሁት ባቄላ አይከዳኝም፣ ልጄ።»

አንጓች በልቧ ሽማግሌውን ጃጁ አለች።

ላመስግን በባቄላ ብዛት ዳኛ ሆነ። በጥቅምት የቡላ ጉዳይ ሲቀርብ፣ አንጓች ነጠላዋን አጥባ፣ ፀጉሯን ተሠርታ እንደ ሠርገኛ መጣች። ትናንት «አንተ ላመስግን» ትለው የነበረውን «አንቱ» አለችው።

«እንግዲህ ጌታዬ፣ ያኔ የጠየቅሁትን ነው የምጠይቅ። ጎንበስ ብለው ይዩ።»

ላመስግን ፈገግ አለላት። ቀና አላለም፤ የፊታውራሪን ግቢ ከቁብም አልቆጠረው። ዙሪያውን አየ። በቀኝ የጫኔ ሰባት ወንድሞች ከነዱላቸው ቆመዋል፤ ሰባት ቤት፣ ሰባት ባቄላ። ከኋላቸው አማቾቻቸው። በግራ አንጓችና ሁለት ባልቴቶች። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ጸሎት የመሰላቸው ነበሩ፤ ቁጥር ነው። ግን ባልቴቶቹስ ቢሆኑ ባቄላ አላቸው። ሰባቱን ማጣት ያስፈራል፤ ሦስቱን ማጣትም ያሳሳል።

«ወገኖቼ፣ ሁለታችሁም ወዳጆቼ ናችሁ። እኔ ሳየው ሁለታችሁም እውነት አላችሁ» አለ።

ሕዝቡ አጨበጨበ። አባ ተድላ ከድንጋያቸው ላይ ሆነው «ሁለቱም እውነት ካላቸውማ አንድ አህያ ጨምርላቸው» አሉ።

ላመስግን እንዳልሰማ ሆነ። «ነገሩ በሰላም እንዲታይ ለመጪው መስቀል ማግስት ተቀጥራችኋል» ብሎ ተነሣ፤ ባቄላው ተጥሎ ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው። ቡላም ከዘርጋው ደጅ ወደ ላመስግን ደጅ ተዛወረ፤ የሚሸከመው እንጨት ግን ያው እንጨት ነበር።

አንጓች ያን ቀን ቤቷ ገብታ አለቀሰች። ለዘርጋው አላለቀሰችም ነበር። የዘርጋው በደል የፊታውራሪ በደል ነው ብላ ችላው ነበር፤ ላመስግን ሲበድላት ግን የበደለቻት የገዛ ባቄላዋ ሆነችባት። ያቺን ወፍራም ባቄላ ባሰበቻት ቁጥር ያንገበግባታል።

በኅዳር፣ በገበያ ቀን፣ የማትመለስበትን ነገር አደረገች። ቡላ የላመስግንን እንጨት ተጭኖ ዋርካው ሥር ሲያልፍ ገመዱን ያዘች፤ እዚያው ቆሞ የነበረውን የጫኔን ጋቢ ጫፍ ስባ፣ ባላጋራ ከባላጋራው እስኪፈረድ እንደሚቆራኝ፣ ከነጠላዋ ጫፍ ጋር ቋጠረች።

«ከእንግዲህ የፊታውራሪም ዳኛ፣ የባቄላም ዳኛ አልፈልግ! የአባቶቻችን ወግ አለ፤ በመንገደኛ እንዳኛለሁ!»

ወጉ እውነት ነው፤ በሕግ አምላክ የተባለ መንገደኛ ቁጭ ብሎ ሳይፈርድ አያልፍም። ጫኔ ወንድሞቹን አየና «የፈለግሽውን ጥሪ፣ ማንን ፈርቼ!» አለ። ከእንጨቱ ኋላ ይመጣ የነበረው ላመስግንም ከባቄላው አንድም ሳይጎድልበት ከነገሩ የሚወጣበት መንገድ ሲያገኝ ፊቱ በራ።

ከሩቅ አገር የመጣ የበርበሬ ነጋዴ፣ ሥልቻውን ተሸክሞ፣ ቀድመውት የሄዱ ጓደኞቹን ለመድረስ ሱክ ሱክ እያለ ደረሰ።

«በሕግ አምላክ!» አለችው አንጓች።

ሰውዬው ተገትሮ ቀረ። «እናቴ፣ ጓደኞቼ ወንዙን ሊሻገሩ ነው። እባክሽ ልለፍ።»

«ፈርደህ እለፍ፣ ወንድሜ።»

ሥልቻውን አወረደ። ነገሩን ሰማ። ከዚያ ወደ ጫኔ ዞሮ «አንተ፣ በእጄ አሳደግሁት ያልኸው፣ ምልክቱ የት ነው?» አለው።

ጫኔ ሰባት ወር ሙሉ የተሟገተበትን አህያ አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ አላየውም። «ምልክቱማ... ቀኝ ትከሻው ላይ ነው። ጭነት የላጠው አለ» አለ።

አንጓች በነጋዴው ጆሮ አንሾካሾከች።

ሰውዬው ወደ ላይ አላየም፤ ዙሪያውንም አላየም፤ ከመንገድ በቀር የሚያየው አልነበረውም። እንጨቱን አራገፈ። የቡላን ቀኝ ትከሻ በእጁ ዳበሰ፤ ምንም የለም። ከዚያ ጥምጣሙን አጥብቆ አቧራው ላይ በሁለት ጉልበቱ ተንበረከከና ቡላ ሆድ ሥር ጭንቅላቱን አስገባ። ቡላ እንኳ ነገሩ ገርሞት መራገጡን ረሳ።

«ግራ ጭኑ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ሦስት የማጭድ ተኩስ» አለ ሰውዬው ከአህያው ሥር ሆኖ። «እሷ ያለችው ነው።»

«አብጦበት ነው! ለሦስት ቀን አቅፌው አድሬ፣ በማጭድ ጫፍ ተኩሼ ነው ያዳንሁት!» አለች አንጓች፤ እንባዋ መጣ።

«አህያው የእሷ ነው። ልሂድ» አለ ነጋዴው ጉልበቱን እያራገፈ። ፍርዱ የጫማ ጠፍር ለማሰር የሚበቃ ጊዜ እንኳ አልወሰደም።

«ማን ሾመህ?» አለ ጫኔ።

«ማን መረጠህ?» አሉ ወንድሞቹ።

«ማንም። ቸኩያለሁ እኮ አልኋችሁ!»

አገሩ ግን በደስታ አበደ። «እንዲህ ያለ ሰውማ ዳኛችን መሆን አለበት!» ተባለ። እኩሌታው ፊታውራሪ እንዲሾሙት ወደ ኮረብታው ሮጠ፤ እኩሌታው ባቄላ ሊያመጣ ወደ ቤቱ ሮጠ። ነጋዴው አንዱ ቅል ይዞ ሲመጣ ቢያይ ሥልቻውን አንሥቶ እግሬ አውጪኝ አለ፤ ከወንዙ ማዶ እስኪደርስም ዞሮ አላየም ይባላል።

አንጓች ነጠላዋን ከጋቢው ስትፈታ ጫኔም ወንድሞቹን አስከትሎ ሄደ፤ ዋርካው ሥር የቀሩት አንጓች፣ ቡላና አባ ተድላ ናቸው። አንጓች የቡላን አንገት ስትዳብስ ቆየች።

«አባ፣ እነዚህ ሰዎች አሁንም ሊጣሉ ነው። ለመሆኑ የቱ ይሻላል፣ ሹም የሚሾመው ወይስ ሰው የሚመርጠው?»

አባ ተድላ የነጋዴው ሁለት ጉልበት አቧራው ላይ ያተመውን ሁለት ጉድጓድ በከዘራቸው ጫፍ አሳዩዋትና፣ «ልጄ፣ ሹም የሾመው ሽቅብ ያያል፣ ሰው የመረጠው ዙሪያውን ያያል፤ እግሩ ሥር ያለውን ማን ያያል?» አሉ።