የእማዋይሽ አቁማዳ

ይህችን ተረት የማይተርት የለም። የተበደለ ሰው ተመልሶ ወደ በዳዩ ደጅ ሲያዘግም ያየ ሁሉ ከንፈሩን መጠጥ አድርጎ ጣል ያደርጋትና መንገዱን ይቀጥላል። ከየት እንደመጣች ቢጠየቅ ግን አያውቅም። ተረት እንደ እንጉዳይ በአንድ ሌሊት ከመሬት ብድግ አይልም፤ የሆነ ሰው አንጀቱ ሲያርር ነው የሚወለደው። የዚህችኛዋን አወላለድ የደጋ ሰዎች እንደሚሉት ልንገራችሁ፤ ደስ የሚል ነገር ግን አትጠብቁ።

ዋሻ አምባ በምትባል መንደር እማዋይሽ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ጌታነህ በግንቦት ወር ጎኔን ወጋኝ ብሎ ተኛ፤ ሳይነሣ ቀረ። ሦስት ልጆች፣ ጣራው ያረጀ ቤት፣ የተዘራ ማሳና ጥቂት ገብስ ጥሎላት ሄደ። ቤቱን ሊከድንበት አጭዶ የከመረው ሣር ነበር። እሱም ቢሆን ለለቅሶ ተቀማጭ ተጎዘጎዘና ሰው ሲረግጠው ሰንብቶ ጭቃ ሆነ።

እማዋይሽ እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አልነበረችም። ለቅሶው ሰከን ሲል ገብሱን ፊቷ አድርጋ አሰበች። እንጀራ ብትጋግረው ማገዶ ይፈጃል፤ እንጀራ ደግሞ ብቻውን አይበላም፣ ወጥ ይጠራል፤ ወጥ ሲመጣ በርበሬና ዘይት ተከትለውት ይመጣሉ። ንፍሮ ብትቀቅለው ልጅ ይዘግነዋል እንጂ መጠን አያውቅለትም። በሶ ግን አንዴ ተቆልቶ ከተፈጨ እሳት አይጠይቅም። ውሃና ጨው ካገኘ ጭብጦ ይሆናል፤ ጭብጦ ደግሞ ውሃ ሲጠጡበት ሆድ ውስጥ ያብጥና ልጅን ያስተኛል።

ስለዚህ ገብሱን በሙሉ ቆላችው። እንዲበረክትላትም ከማሳው ጥግ የለቀመችውን አጃ ጨመረችበት። መዳፏ እስኪላጥ ፈጭታ ሁለት አቁማዳ ሞላች። ለእያንዳንዱ ልጅ ጠዋት አንድ ጭብጦ፣ ማታ አንድ ጭብጦ፤ መሐሉን በጎመንና በሳማ ቅጠል ትደልለዋለች። ለራሷ ገበታው ላይ የተራገፈውን ጠራርጋ ትልሳለች። «እንዲህ ከያዝኩት እሸት እስኪደርስ ልጆቼ አይሞቱብኝም» አለች። ልክ ነበረች። በሶው ያደርሳቸው ነበር።

ያላሰበችው ለቅሶ ደራሽን ነው። ጌታነህ ሰው የሚወደው፣ ዘመዱ በየአገሩ የተበተነ ሰው ነበር። መርዶ ደግሞ በእግር ስለሚሄድ ዘግይቶ የሰማ ዘግይቶ ይመጣል። ከአጥሩ ማዶ ጀምሮ እያለቀሰ ይገባል፣ ደረቱን ይመታል፣ እንባውን ጠርጎ ይቀመጣል። በዋሻ አምባ ልማድ ለቅሶ የደረሰን ሰው ሳያቀምሱ መሸኘት ሟቹን ዳግመኛ እንደመቅበር ነው። አንዳንዱ የሚቆረጠም ነገር ቋጥሮ ይመጣ ነበር፤ አብዛኛው ግን እንባውን ብቻ ይዞ ነው የሚመጣው። ክረምቱ ሲከብድና ወንዙ ሲሞላ ደግሞ ለአንድ ሌሊት የመጣው እዚያው ይሰነብታል።

አንድ ቀን ትልቋ ልጇ አስካለ የእንግዶቹን ገበታ ስታነሣ ቆየችና ጠየቀቻት።

«እማዬ፣ ሰውየው አባዬን የት ያውቀዋል?»

«የአያትሽ የአክስት ልጅ ነው።»

«ታዲያ የኔን ጭብጦ ለምን በላው?»

እማዋይሽ ልጅቷን «ዝም በይ፣ ነውረኛ!» ብላ ተቆጣቻት። ተቆጥታም ወደ ጓሮ ወጣችና አለቀሰች፤ ልጅቷ ያለችውን እሷም ስታስበው ነበር የዋለችው።

በዚህ መሐል የባሏ ታላቅ ወንድም ጓንጉል ብቅ አለ። ጓንጉል ድምፁ ትልቅ፣ ሳቁ ትልቅ፣ ጎተራው ትልቅ፣ ስስቱ ደግሞ ከሁሉም የሚበልጥ ሰው ነበር። በሰው ሀብት ሲሆን ለጋስ ነው፤ በራሱ ሲሆን እጁ ይሞታል። ጌታነህ እንኳ በሕይወት ሳለ «ወንድሜን እወደዋለሁ፤ ሞሰቤን ግን ከፊቱ አንሺልኝ» ይላት ነበር።

«እማዋይሽ፣ ይህን በሶ ለመንገደኛ አድለሽ ልትጨርሽው ነው እንዴ?» አላት ጓንጉል፣ አቁማዳዎቹን በዓይኑ እየመዘነ።

«ምን ላድርግ አያ ጓንጉል? ጌታነህን ብሎ የመጣን ሰው የለኝም ልበለው? አቁማዳው ተገትሮ እያየኝ?»

«እሱስ ነውር ነው። አቁማዳው እዚህ ባይኖርስ? ያኔ የለኝም ብትይ እውነትሽን አይደለም?»

ጓንጉል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጣራሽ ያፈሳል፤ ሰንበት ብሎ ይሻግትብሻል። እኔ ቤት ቆጥ ላይ ይቀመጥ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሽ የሳምንትሽን ትወስጃለሽ። የወንድሜ ልጆች እኮ ልጆቼ ናቸው!»

እማዋይሽ ሞኝ አይደለችም። የማን እጅ እንደሆነ ታውቃለች። ግን የት ታስቀምጠው? ጎረቤቱ ሁሉ እንደሷ የተራበ ነው፤ በተራበ ሰው ቤት በሶ ማስቀመጥ እሱንም መፈተን ነው። በዚያ መንደር በዚያ ክረምት ጠግቦ የሚያድር ጓንጉል ብቻ ነበር። የጠገበ ሰው አጃ የገባበት በሶ ምን ያደርግለታል ብላ ራሷን አጽናናች፤ አቁማዳዎቹንም ተሸክማ ወሰደችለት።

«አደራ፣ አያ ጓንጉል» አለችው።

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ!» አለና ሳቀ።

መጀመሪያ ሰሞን ነገሩ ያማረ መሰለ። ቅዳሜ ትሄዳለች፣ የሳምንቷን ሰፍራ ትመለሳለች። እንግዳ ሲመጣ «ይቅር በሉኝ፣ ቤቴ ባዶ ነው» ትላለች፤ ፊቷ በሐፍረት ቢቃጠልም ውሸት አልነበረም። ልጆቹ ጭብጧቸውን ሳይሻሙ መብላት ጀመሩ። አስካለም መሳቅ ጀምራ ነበር።

ከዚያ የጌታነህ እናት ከተወለደችበት አገር ብዙ ሆነው ለቅሶ ደራሾች መጡ። ዝናብ ደብድቧቸዋል፣ ርቧቸዋል። እማዋይሽ እንደ ልማዷ ይቅርታ ስትጠይቅ ጓንጉል ከየት መጣ ሳይባል ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ምን ማለት ነው! የወንድሜ ለቅሶ ደራሽ ጦሙን ሊያድር? ተነሡ፣ ወደ ቤቴ!»

እማዋይሽ ልቧ ተነካ። ሰውየውን በክፉ ማማቷ ጸጸታት። የሟች ሚስት ከለቅሶ ደራሽ ጋር መቀመጥ አለባትና እሷም ተከትላ ሄደች። ትንሽ ቆይቶ በቅቤ የታሸ በሶ በትልቅ ገበታ ቀረበ። ቤቱ በቅቤ ሸተተ። ከቅቤው ሥር ግን ሌላ ሽታ መጣባት። በጓንጉል ቤት አጃ ተበልቶ አያውቅም፤ አጃ የድሃ ነው።

ቅቤው የሱ ነበር፤ እሱን ማንም አይክደውም።

ከእንግዶቹ ታላቁ በልተው ሲጨርሱ እጃቸውን ወደ ጓንጉል ዘርግተው መረቁት። «ጎተራህን ይሙላው! እጅህ አይጠር! ወንድም ማለት እንዲህ ነው!» ጓንጉል ዓይኑን በነጠላው ጠርጎ «ምን አደረግሁ፣ ለጌታነህ የሚያንስ ነው» አለ። አጠገቧ የነበረች አሮጊት ደግሞ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ አፏ አስገባችላት። «ብይ ልጄ፣ አይዞሽ። እንዲህ ያለ ዋርሳ እያለልሽ አንቺማ ምን ይጎድልብሻል?»

እማዋይሽ የልጆቿን ሳምንት አፏ ውስጥ ይዛ ማላመጥ አቃታት። ተናገሪ ተናገሪ አላት። ብትናገር ግን ለባሏ ለቅሶ የመጣን ሰው እህል ቆጠረች ሊባል ነው፤ እነዚያም ምስኪኖች የአባት አልባ ልጆች በሶ መብላታቸውን አውቀው አንገታቸውን ሊደፉ ነው። ይሉኝታ የምትሉት ነገር እንዲህ ነው፤ የሚያንቀው ሁልጊዜ የተበደለውን ነው። ዋጠችው።

በማግሥቱ ሄደች።

«አያ ጓንጉል፣ የልጆቼን በሶ አበላኸው።»

«እና? የማን ለቅሶ ነው? የኔ ነው?» አላት፣ ምንም ሳያፍር። «አንቺ ቤት ቢሆን ታበያቸው አልነበር? እንዲያውም እኔ ቅቤ ጨምሬበታለሁ!»

«እኔ ዘንድ እንዳይበላ ብለህ አይደል የወሰድከው?»

«አንቺ እንዳታፍሪ ብዬ ነው የወሰድኩት። አላሳፈርኩሽም።»

የቀረውን ልውሰድ ብትለው ቆጡ ላይ ነው፣ መሰላሉን ሰው ተውሶታል፣ ቅዳሜ ነይ አላት። ቅዳሜ ስትሄድ በሶው አንሷል። ወሬው ግን አገር ለአገር ሄዶ ነበር፤ የጓንጉል ቤት ለለቅሶ ደራሽ ክፍት ነው፣ በሶው በቅቤ ነው ተባለ። ጌታነህን በስም ብቻ የሚያውቅ ሁሉ ያለቅስ ጀመር። የመንደሩ ሽማግሎችም እንግዳ ለማጽናናት እያሉ አብረው ይቀመጣሉ፤ ተቀምጠውም ይቀምሳሉ። የሚመሰገነው ጓንጉል ነው። እማዋይሽ ቅዳሜ ስትመጣ አንዴ አይጥ ገባበት ይሏታል፣ አንዴ እርጥበት ነካው ይሏታል። በመጨረሻ አቁማዳዎቹን ገልብጠው አራግፈው ሰጧት። እሸቱ ያኔ ገና ሣር ነበር።

ሽማግሌ ጠራች። ሦስት ሆነው ተቀመጡ፤ ታላቁ አባ ይርጉ ነበሩ፣ በመንደሩ የሚፈሩና የሚከበሩ። እማዋይሽ ሁሉንም ተናገረች፤ ስትናገር አልጮኸችም። ጓንጉልም አልካደም።

«ወስጃለሁ። ማን በላው? ለቅሶ ደራሽ። የማን ለቅሶ? የባሏ። እኔ አንዲት ጭብጦ ለብቻዬ በልቼ እንደሆነ ትማል። እናንተስ ብትሆኑ አብራችሁ ስትቀምሱ አልነበር?»

ሽማግሎቹ መሬት መሬት አዩ። አባ ይርጉ ሁለት ጊዜ ተቀምጠው ነበር፤ ሁለተኛውን ጊዜ ጨምሩልኝ ብለውም ነበር። የሚፈርዱት ፍርድ ራሳቸው ላይ እንደሚወድቅ ያውቃሉ። ቢቸግራቸው «እህሉ ለሟች ክብር ወጥቷል» አሉ፤ ድምፃቸው ለራሳቸውም አልጣማቸውም። «አንቺም ይቅር በይ። እሱም የወንድሙን ልጆች ይይ።»

«አያለሁ!» አለ ጓንጉል፣ ደረቱን መትቶ። «ቤቴ ይግቡ። እሷ ትፍጭ፣ ትጋግር። ልጆቹ ጥጃ ይጠብቁ። የተረፈ አያጡም። መሬታቸውንም እኔው አርሰዋለሁ።»

ሽማግሎቹ እፎይ ብለው መረቁት። እማዋይሽ ብቻ አሜን አላለችም።

ቤቷ ገብታ በሯን ዘግታ ሳማ ቀቀለች። በማግሥቱም ሳማ፣ ከዚያም ሳማ። መካከለኛው ልጅ እግሩ ማበጥ ጀመረ። ትንሹ ማልቀስ ተወ፤ እናት ከልቅሶ ይልቅ ይህን ነው የምትፈራው። ጓንጉል ቤት ከገባች መሬቱ ተመልሶ የሷ እንደማይሆን፣ የምትፈጨው ሁሉ የሰው ሞገስ እንደሚሆን ታውቃለች። ጠላችው፤ እንዲሞትም ተመኘች። ተመኝታም ትንሹን አዘለች፣ ሁለቱን ወደፊት አስቀደመች፣ በሩን በገመድ አሰረች።

መንገዱ በአባ ይርጉ ደጅ ነው የሚያልፈው። ሽማግሌውና ሚስታቸው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። እማዋይሽ ሰላም ሳትል፣ ቀና ሳትል አለፈች። ጥቂት እንደራቀች የሴትዮዋን ድምፅ ከኋላዋ ሰማች።

«ኧረ በሞቴ! ልጆቼን አስራበብኝ ብላ በሽማግሌ ያቆመችው ሰው ቤት ልትገባ ነው? ይህች ሴት አብዳለች እንዴ?»

አባ ይርጉ የሴቲቱን ጀርባና ቀድመው የሚያነክሱትን ልጆች ሲያዩ ቆዩ፤ ከዚያም ለሚስታቸው ይሁን ለራሳቸው ባልለየ ድምፅ እንዲህ አሉ፦ «ተያት፣ የት ትሂድ? የቸገረው ዱቄት ከነፋስ ይጠጋል።»