ማዋለጃ ክፍል ያልደረሰው ዋይፋይ

እስቲ ጠጋ በሉ፣ የሲስተር እናኑን ነገር ላውጋችሁ። እናኑ በወይናምባ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነበረች። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ብርቄ የምትባል ነፍሰ ጡር ደም እየፈሰሳት መጣች። እናኑ በአልትራሳውንድ ስታያት እንግዴ ልጁ ዝቅ ያለ መሰላትና ፈራች። ከተማ ላለችው ሐኪም ደወለች።

"ምስሉን ላኪልኝና ልየው፤ ያለን አምቡላንስ አንድ ነው፣ ሳላረጋግጥ አልልከውም" አለቻት ሐኪሟ።

እናኑም የፈለገችው ይህንኑ ነበር፤ አንዲት ምስል መላክ።

ምስሉ ግን አልሄድ አለ፤ በዚያ አካባቢ የስልክ መስመሩ ለመደወል እንጂ ምስል ለመላክ አይሆንም። ማዋለጃ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው አዲሱ የዋይፋይ ሣጥን አልበራም። ሆስፒታሉንና ጤና ጣቢያዎቹን በአንድ መረብ የሚያገናኘው ናሆም ነው፤ ሁሉንም የሚያዘው ከተማ ተቀምጦ ነው። ደወለችለት።

"ሣጥኑን ከዚሁ ሆኜ አስተካክለው ነበር፤ ግን አይታየኝም። መረቡን ከከተማ የሚቀበለውን የጣሪያችሁን አንቴና ንፋስ አዙሮታል መሰለኝ።"

ወጥታ አንጋጣ አየች፤ እውነትም ዞሯል። አንቴናው ካልተመለሰ ሣጥኑ አይበራ፣ ሣጥኑ ካልበራ ምስሉ አይሄድ! ዘበኛውን ጋሽ ደግፌን ለመነቻቸው።

"እመልሰው ነበር ልጄ፤ መሰላሉ ትምህርት ቤት ነው፣ በምን ልውጣ?"

መሰላሉ ካልመጣ አንቴናው አይመለስ፣ አንቴናው ካልተመለሰ ሣጥኑ አይበራ፣ ሣጥኑ ካልበራ ምስሉ አይሄድ! ለርዕሰ መምህሩ ደወለች።

"ውሰዱት እህቴ፤ ግን ከባድ ነው፣ ባጃጅ ይፈልጋል" አሏት።

በር ላይ አንድ ባጃጅ ቆሟል። ሹፌሩ ሹሜ፣ የብርቄ ባል ነው።

"ሚስቴን ትቼ? አልሄድም ሲስተር። ብትሞትብኝስ?"

ባጃጁ ካልሄደ መሰላሉ አይመጣ፣ መሰላሉ ካልመጣ አንቴናው አይመለስ፣ አንቴናው ካልተመለሰ ሣጥኑ አይበራ፣ ሣጥኑ ካልበራ ምስሉ አይሄድ! እናኑ ልትቆጣው ነበር፤ ዓይኑ እንባ ማቅረሩን አየችና ተወችው።

"እኔም ፈርቻለሁ፣ ሹሜ። እኔ አጠገቧ ሆኜ እጇን እይዛለሁ፤ አንተ መሰላሉን አምጣልኝ።"

ሹሜ እንባውን ጠርጎ ሞተሩን አስነሳ። ያን ጊዜ ባጃጁ ሄደ፣ መሰላሉ መጣ፣ ጋሽ ደግፌ ወጡ፣ አንቴናው ተመለሰ፣ ናሆም "ታየኝ! ታየኝ!" ብሎ ሣጥኑን ከመረቡ ጋር አገናኘው፣ ሣጥኑ በራ፣ ምስሉም ሄደ!

ሐኪሟ ወዲያው ደወለች። "ልክ ነሽ፤ እንግዴ ልጁ የማህፀኑን በር ዘግቶታል። አምቡላንሱ ተነስቷል።"

አመሻሽ ላይ ደግሞ ናሆም ደወለ።

"ሲስተር፣ ሆስፒታሉን ጠይቄ ነው፤ ብርቄ በኦፕራሲዮን ወለደች። እናትም ልጅም ደህና ናቸው።"

እናኑ ዝም አለች።

"ሲስተር? መስመሩ ተቋረጠ እንዴ?"

"አልተቋረጠም ወንድሜ" አለችው፤ "እያለቀስኩ ነው።"