በሳጥን የማይታሸገው ሰው

አንድ ጨዋታ ሠሪ ነበረ። ሠሪ ስል ሰሌዳ የሚጠርብ አናጢ ማለቴ አይደለም። ሰሌዳውንም ቢሆን በእጁ ይሠራው ነበር፤ ዋናው ሥራው ግን ማሰብ ነበረ። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱትን፣ ከዚያ በፊት ማንም ተጫውቶት የማያውቀውን ጨዋታ ከነደንቡ ያፈልቅ ነበር። እንግዲያው ጨዋታ ፈጣሪ ብለው ይሻል ይሆን? የለም፣ «ፈጣሪ» የሚለው ስም ለሰው ይከብዳል። ጨዋታ ሠሪ እንበለውና እንለፍ።

ጥሩወርቅ፣ የጠየቅሽኝን አልዘነጋሁም። ልጅሽ ማኅደር አርባ ምንጭ ተመድባለች። አንቺም ሱቅሽን ዘግተሽ፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ አጠገብ ቤት ተከራይተሽ፣ የመጀመሪያውን ዓመት አብረሻት ልትቀመጪ አስበሽ፣ «ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብለሽኛል። መልሱ በዚህ ሰው ታሪክ ውስጥ ስላለ ጥቂት ታገሺኝ።

ሰውየው ቀድሞ የሕንፃ ንድፍ እያወጣ ይተዳደር ነበር። ያን ሥራ ትቶ የደከመበት ጨዋታ ስለ መስኖ የሚናገር ነው። በሰሌዳው ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ አንድ ቦይ ተሥሏል፤ በቦዩ ዳር የገበሬዎች ማሳ ተደርድሯል። ውኃው ሰማያዊ ዶቃ ነው። በየዙሩ ከተጫዋቾቹ አንዱ የውኃ አባት ይሆናል፤ በገጠር መስኖ ባለበት ሁሉ እንደሚታወቀው፣ ውኃውን በተራ የሚያከፋፍለው ሰው ማለት ነው። የውኃ አባቱ ትንሽ በትር ይይዛል፤ ለማን ምን ያህል ዶቃ እንደሚለቀቅም እርሱ ይወስናል። ማሳውን ማጠጣት የማይፈልግ የለም፤ ውኃው ግን ለሁሉም አይበቃም። እንግዲህ ልመናው፣ ስስቱ፣ ቃል መግባባቱና ኩርፊያው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ጨዋታውን በቤቱ ሞከረው። ሚስቱ፣ ወንድሙና የወንድሙ ሚስት ተጫወቱት፤ ሳቁ፣ ተጨቃጨቁ፣ እንደገና እንጫወት አሉ። እርሱ አይጫወትም፤ አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይመለከታል። ይመለከታል አልኩ? ይህን ላርም። ወንድሙ እጁን ዘርግቶ ሲያመነታ፣ «እሱን አይደለም፣ መጀመሪያ ከላይ ያለው ነው» ይላል። ሚስቱ ዝም ካለች፣ «አሁን ያንቺ ተራ ነው» ይላል። ዶቃው ያለ ቦታው ካረፈ ጣቱን ሰዶ ያስተካክላል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ፣ ማድረጉን ራሱ አያውቀውም ነበር። ጨዋታው ያለ እንከን ሲሄድ ይታየዋል፤ በእውነትም ያለ እንከን ይሄድ ነበር፤ እንከኑን ሁሉ መሬት ሳይነካ እርሱ ይቀልበው ነበርና።

በከተማው የጽሕፈት መሣሪያና የልጆች መጫወቻ የሚያከፋፍል አንድ ነጋዴ ነበረ። ስለ ጨዋታው ሰምቶ፣ «ለእንቁጣጣሽ ገበያ ላሳትመው እችላለሁ፤ መጀመሪያ ግን ቤቴ ወስጄ ከቤተሰቤ ጋር ልሞክረው» አለ። ለጨዋታ ሠሪው ይህ እንደ ዋዛ የሚታይ ነገር አልነበረም። ሥራውን ከለቀቀ ወዲህ ቤቱን የተሸከመችው ሚስቱ ናት፤ ይህ በር ከተዘጋ ጨዋታውን ትቶ ወደ ንድፍ ሥራው ሊመለስ ቃል ሰጥቷታል። እርሷም ቃሉን አልረሳችም።

ሳጥኑን ለነጋዴው ሲሰጥ፣ «የሚያደናግር ነገር ካለ ደውልልኝ» አለው። ነጋዴውም እሑድ ከምሳ በኋላ ደወለ። ውኃው መሐል ላይ ሲያልቅ ምን ይደረጋል? ነገረው። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ጥያቄ አመጣ፤ እርሱንም ነገረው። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ጨዋታ ሠሪው ደስ ይለዋል፤ እየተጫወቱት ነው ማለት ነዋ።

ሚስቱ ጥቂት ስታዳምጥ ቆየችና፣ «አንተ፣ እዚህ ቁጭ ብለህ እዚያ እየተጫወትህ ነው እንዴ?» አለችው። ስቆ አለፈው።

በማግሥቱ ነጋዴው ሳጥኑን ይዞ መጣ።

«ጨዋታውን ወድጄዋለሁ» አለ። «እውነቴን ነው። ነገር ግን ወዳጄ፣ አንተን ከዶቃው ጋር በሳጥን አሽጌ መሸጥ አልችልም። ደብረ ማርቆስ ያለው ደንበኛዬ ሲቸግረው ለማን ይደውል?»

«ደንቡን አስተካክዬ እጽፈዋለሁ። የጎደለውን ብቻ ንገረኝ።»

«የጎደለውን እኔ በምን ልወቀው? ጠየቅን፣ ሁሉንም ነገርኸን። ሐምሌ ሳያልቅ እንደገና እሞክረዋለሁ፤ ያን ጊዜ አልደውልም፣ ብትደውልም አላነሣም። ካልሆነ በሰላም እንለያያለን።»

ጨዋታ ሠሪው ተቀምጦ ደንቡን እንደገና ጻፈ። ይከብዳል ብሎ የገመተውን ሁሉ አብራራ፤ ማብራሪያውንም መልሶ አብራራ። ደንቡ ረዘመ እንጂ አልተሻለም። ለሚስቱ ቢያነብላት አዛጋች።

«እኛን ተወን» አለችው። «እኛ ደንቡን ሳይሆን አንተን ለምደናል። የማያውቁህን ሰዎች ፈልግ። ስታገኛቸው ደግሞ ዝም በል።»

«ዝም እላለሁ።»

«አንተ? አፍህን ውኃ ካልሞላኸው በቀር ዝም አትልም!»

እርሷ በቀልድ የተናገረችውን እርሱ እንደ ምክር ያዘው።

በሰፈሩ አንድ ወፍጮ ቤት ነበረ። ክረምት ስለሆነ መብራት ይጠፋል፤ በጠፋ ቁጥር ደንበኛው እህሉን ተደግፎ እስኪመጣ ይጠብቃል። ጨዋታ ሠሪው እንዲህ ባለ ቀን ሳጥኑን ይዞ ገባና ሰሌዳውን በአንድ አግዳሚ ላይ ዘረጋው። ሦስት ሰዎች ለመጫወት ፈቀዱ፤ አንዱ ጡረታ የወጡ ሻምበል፣ ሁለተኛው ባለወፍጮው ራሱ፣ ሦስተኛዋ በርበሬ ልታስፈጭ የመጣች ሴት። ደንቡን ሰጣቸውና፣ «ከእንግዲህ አልናገርም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ» አላቸው። ከዚያም ከያዘው ኮዳ አፉን ውኃ ሞልቶ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ።

«ምን ሆኖ ነው? ጥርሱን አሞት ነው?» አለች ሴትዮዋ።

«ስለት ይሆናል፣ ተዪው» አለ ባለወፍጮው።

ሻምበል ደንቡን ጮክ ብለው አነበቡና «ገባችሁ?» አሉ። ሁለቱም «ገባን» አሉ። አልገባቸውም ነበር። ዶቃውን ከቦዩ ግርጌ ጀምረው ወደ ላይ ይደረድሩ ጀመር። የጨዋታ ሠሪው ጣት ተንቀሳቀሰ፤ እጁን ከጭኑ ሥር ከተተው። ጥቂት እንደሄዱ ሻምበል ቆም አሉና፣ «ውኃ ሽቅብ ይወጣል እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ተሳሳቁና ሁሉን አፍርሰው ከላይ ጀመሩ። ጨዋታ ሠሪው በርጩማው ላይ ቢሆን ኖሮ ይህ ስሕተት መኖሩንም፣ ሰዎቹ ያለ እርሱ ማረማቸውንም አያውቅም ነበር።

ከባዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሻምበል የላይኛው ማሳ ደርሷቸዋል፤ የመጀመሪያው የውኃ አባትም እርሳቸው ናቸው። ማሳቸውን እስኪጠግብ አጠጡ። መሐለኛው ባለወፍጮው የተረፈውን ወሰደ፤ ለታችኛዋ፣ ለሴትዮዋ፣ ምንም አልደረሳትም። በሚቀጥለው ዙር በትሩ ለባለወፍጮው ተላለፈ። እርሱም ለራሱ አስቀርቶ ቀሪውን ለሻምበል ሰጠ። ሴትዮዋ አሁንም ደረቀች። በጨዋታ ሠሪው ሐሳብ፣ በአንዱ ዙር ያልደረሰው ሰው በሚቀጥለው ዙር መጀመሪያ ይጠጣል። ይህን ግን በዚያ ሁሉ ወረቀት ላይ አንድም ቦታ አልጻፈውም። ሁልጊዜ በአፉ ይናገረው ስለነበር፣ የተጻፈ ይመስለው ነበር።

«እኔ እዚህ የተቀመጥሁት ለማጨብጨብ ነው?» አለች ሴትዮዋ።

«ታገሺ እንጂ፣ ተራሽ ይደርሳል» አሉ ሻምበል።

«የእርስዎ ማሳ ስለጠገበ ነው እንዲህ የሚሉት!» ብላ ተነሣችና የበርበሬ ከረጢቷን አነሣች።

ጨዋታ ሠሪው አብሯት ተነሣ። መልሱን ያውቀዋል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገር ትመለሳለች። ካልተናገረ ጨዋታው እዚያው ይፈርሳል፤ ያሰበው ሁሉ ዓይኑ እያየ አብሮ ይሄዳል፤ ለሚስቱ በገባው ቃል መሠረትም ወደ ንድፍ ሥራው መመለስ ይሆናል። ውኃውን ሊተፋ ወደ በሩ ዞረ። በሩ ላይ ደረሰ። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ። ውኃውን ዋጠው ልል ነበር፤ አልዋጠውም፣ ያዘው።

«ኧረ እትዬ፣ በርበሬሽ እንደሆነ ሳይፈጭ የት ትሄጃለሽ?» አለ ባለወፍጮው።

ሴትዮዋ ቆም አለች። ሰሌዳውን አየች፤ ጎንበስ ብላም በትሩን ከባለወፍጮው እጅ መነጨቀችው። «እንግዲያው የውኃ አባት እኔ ነኝ። መሆን ያለበት ውኃ ያጣ ሰው ነው። የጠገበማ ምን ገዶት!»

ሻምበል ወረቀቱን እያገላበጡ ፈለጉ። «እንዲህ የሚል የለም።»

«እንዲህ አይሁን የሚልስ አለ?»

«እርሱም የለም።»

«አበቃ!» ብላ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ጨዋታው ሌላ መልክ ያዘ። ሰው ማስጠማት ያስፈራ ጀመር፤ ዛሬ የደረቀው ነገ በትር ይይዛልና። ሻምበል ገና ሳይለመኑ ለታችኛዋ ውኃ ይልኩ ጀመር፤ ባለወፍጮው በማባበል ተጠመደ፤ ሴትዮዋም ሁለቱን እያፈራረቀች ታስለምናቸው ነበር። ጨዋታ ሠሪው የራሱን ደንብ ከዚህኛው ጋር በልቡ አስተያየና የእርሷ እንደሚበልጥ አወቀ። ይህ ደስታ ብቻ አልነበረም፤ ትንሽም ቆንጥጦታል። መብራት መጣ። ባለወፍጮው «ይችን ዙር ብቻ» አለ፤ ወረፋ የያዙት ግን ጮኹበትና ወደ ሥራው ተመለሰ። ጨዋታ ሠሪው ያን ጊዜ ወደ ውጭ ወጥቶ ውኃውን ተፋ።

ቤቱ ሲደርስ የረዘመውን ደንብ ቀደደው። በቦዩ ራስ ላይ ውኃው የሚወርድበትን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ሣለ፤ በአዲሱ አጭር ደንብም «ውኃ ያልደረሰው በትሩን ይይዛል» ብሎ ጻፈ። ከዚያም ሌሎች የማያውቁትን ሰዎች እየፈለገ፣ አፉን ውኃ እየሞላ፣ ተጫዋቾች የሚደናቀፉበትን እያየ አስተካከለ። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ሳጥኑን ለነጋዴው ላከው።

ነጋዴው ከእሑድ በኋላ ባዶ እጁን መጣ። ፊቱን ቋጥሯል።

«አማቴ ናቸው!» አለ። «ያለ ኀፍረት በትሩን ይዘው ማሳዬን አደረቁት። የልጅ ልጆቻቸው አባት አይደለሁም?»

«ደንቡስ?» አለ ጨዋታ ሠሪው።

«የምን ደንብ? እኔ የማወራህ ስለ አማቴ ነው። ሳጥኑን አሁን አልመልስልህም፤ ማተሚያ ቤት ከመላኬ በፊት ሳልበቀላቸው አልቀርም።»

ጨዋታ ሠሪው ይህን ሲሰማ፣ ሳጥኑ ያለ እርሱ መሄድ እንደቻለ አወቀ።

እንግዲህ ጥሩወርቅ፣ ልጅሽ እንደዚያ ጨዋታ ናት ማለቴ አይደለም፤ ሰው እንደ ጨዋታ ደንብ ተጽፎ አያልቅም። ምሳሌው ስለ ማኅደር ሳይሆን ስላንቺ ነው። በርጩማው ላይ የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ። ባለፈው ጤና ጣቢያ አጠገባችሁ ወረፋ ይዤ ነበር። ነርሷ ማኅደርን «የት ላይ ነው የሚያምሽ?» ብላ ስትጠይቃት፣ የመለስሽው አንቺ ነበርሽ። ማኅደርም የገዛ ሕመሟ የት ላይ እንደሆነ ለማወቅ አንቺን ስታይ አየኋት። አርባ ምንጭ አብረሻት ብትሄጂ ሁሉም ያለ እንከን ይሄዳል፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

ስለዚህ አትሂጂ። የለም፣ ይህ ብቻውን ግማሽ መልስ ነው፣ ላርመው። ሰውየው ጨዋታውን ጥሎ አልሸሸም፤ ግድግዳ ተደግፎ እያየ ዝም አለ እንጂ። እርሷ እስክትሄድ ገና ሳምንታት አሉሽ። ባንክ ትግባ፣ ገበያ ትውረድ፣ የአውቶቡስ ትኬቷን ራሷ ትቁረጥ፤ አንቺ አጠገቧ ቆመሽ አፍሽን ያዢ። የምትሰናከልበትን ያን ጊዜ ታውቂዋለሽ፤ እርሱን ብቻ አስተምሪያት። አንዳንዱን ደግሞ አንቺ ካሰብሽላት በተሻለ መንገድ ስትወጣው ታያለሽ። ያኔ ይቆነጥጥሻል፤ ቻይው።

ከዚያም አሳፍሪያትና ሱቅሽን ክፈቺ። ደውላ «እማዬ፣ ምን ላድርግ?» በማለት ፈንታ፣ ስለ መኝታ ክፍል ጓደኛዋ ማንኮራፋት ብቻ ካማረረችልሽ፣ የድካምሽ ፍሬ እርሱ ነውና ስታማርር አዳምጫት።