ትራሱን ይዞ ሶፋ ላይ የወጣው ባል

አንዲት ሴት ነበረች። ትዳር ከያዘች ዓመታት አልፈዋል፤ ልጅ ግን የለም። የምትኖርባት ከተማ ትንሽ ናት፤ በትንሽ ከተማ ደግሞ ያላረገዘች ሴት ሆድ የሁሉም ሰው ጉዳይ ነው። ለቅሶ ቤት ስትገባ የሚያዩት ፊቷን ሳይሆን ቀሚሷን ነው። "ምነው ዝም አላችሁ?" ይሏታል። እሷም "እግዚአብሔር ያውቃል" ትላለች። ሌላ ምን ትበል?

ይህች ሴት ይመኙሻል ትባላለች። ባሏ ደምስ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ አይማታም፣ አያመሽም። ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ተቀምጦ ጫቱን ይቅማል፣ በላዩ ላይ ሲጋራውን ያጨሳል። የልጅ ነገር ሲነሳ ግን የሚታየው የእሷ ሆድ ብቻ ነበር። ተልባ ተመታላት፣ ጠጣች። ጥቁር አዝሙድ በማር ተለወሰላት፣ ዋጠች። አብሽ በባዶ ሆድ አሏት፣ እሱንም ጠጣች። የአንዱ ምሬት ከምላሷ ሳይጠፋ ሌላው ይመጣል።

ደምስስ ምን ጠጣ? ማን ጠይቆት!

በመጨረሻ የደምስ እናት እማማ አጸደ አንድ ቅል ቅቤ ይዘው ከገጠር መጡ። ገና አረፍ ከማለታቸው የምራታቸውን ሆድ ዳሰሱና ፈረዱ። ማሕፀኗ ወርዷል፤ በቅቤ እየታሸ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ እስኪመለስ ድረስ ግን ወንድ አይጠጋትም። ትእዛዛቸው እንዳይሻርም ራሳቸው አልጋዋ ላይ ከጎኗ ተኙ። ልጃቸው ትራሱን ይዞ ሳሎን ወዳለው ሶፋ ወጣ።

ወገኖቼ፣ ልብ አላችሁ? ልጅ እንዲወለድ ብለው ባልና ሚስቱን ለዩአቸው!

ለጥቂት ቀን መስሏቸው ነበር። ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱ ወጣ። እማማ አጸደ በየቀኑ ያሻሉ፣ ሆዷን በመቀነት ጥፍር አድርገው ያስራሉ፣ ከዚያ "ገና ነው" ይላሉ። የጸሎት ወገኖች በየሳምንቱ ይመጣሉ። ያው የደምስ መኝታ የሆነው ሶፋ ላይ ተደርድረው፣ እያለቀሱ፣ ለእነዚህ ባልና ሚስት ልጅ እንዲሰጣቸው ይለምናሉ። ትራሱና አንሶላው ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ይታያል። አንድ ሰው እንኳ "ይሄ የማነው?" ብሎ አልጠየቀም።

እግዚአብሔር ምን ያድርግ?

አንድ ቀን ይመኙሻል ገበያ እሄዳለሁ ብላ ጤና ጣቢያ ገባች። ያገኘቻት ነርስ ስለ ወር አበባዋ ጠየቀቻት። ከአንዱ የወር አበባ እስከሚቀጥለው ባለው ጊዜ መካከል ላይ ሴት ልትፀንስ የምትችልባቸው ጥቂት ቀናት እንዳሉ፣ ባልና ሚስት በእነዚያ ቀናት አብረው ቢሆኑ እንደሚሻል አስረዳቻት። ይመኙሻል ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ያን ሁሉ ሲያጠጧት ይህን የነገራት አልነበረም። ነርሷ የምግቡንም፣ የእንቅልፉንም ነገር አነሳች። ባልየው ጫቱንና ሲጋራውን ይተው፣ የወንዱን ዘር ይጎዱበታል፤ ነገሩ የሁለት ሰው ነውና እሱም መጥቶ ይመርመር አለቻት። በመጨረሻ አብረው የሚሆኑት በየስንት ጊዜው እንደሆነ ስትጠይቃት፣ ይመኙሻል የሶፋውን ነገር አወራችላት።

ነርሷ ሳቀች። የይመኙሻልን ዓይን ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችው።

የዚያን ዕለት ራት ቀርቦ፣ እማማ አጸደም ማዕዱ ላይ እንዳሉ ይመኙሻል ተናገረች።

"ደምስ፣ እባክህ ወደ አልጋህ ተመለስ" አለችው። "ሐኪም ቤትም አብረን እንሂድ። እኔ ብቻዬን የምጠጣው ይበቃኛል።"

ደምስ እናቱን አየ። እናቱ የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው ትሪው ላይ አኖሩት።

"ዓይኗን በጨው አጥባ፣ በእኔ ፊት ወንድ ትጠይቃለች" አሉ። "ልጄ፣ ይቺ የምትፈልገው ልጅ አይደለም።"

እዚህ ላይ የሚያስፈልገው አንድ ቃል ነበር። "እማዬ፣ እውነቷን ነው" ቢል ይበቃ ነበር። አላለም። አቀረቀረ፣ እጁን ታጠበ፣ ወደ ሶፋው ሄደ።

ወሬው ከቤት ወጣ። ሽማግሌ ተቀመጠ። መካን ናት፣ በዚያ ላይ ዓይን አውጣ ናት ተባለና ይመኙሻል ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። ከሽማግሌዎቹ ስለ ሶፋው ያነሳ የለም። ደምስም ሌላ አገባ። አዲሲቱም እስካሁን አልወለደችም። እማማ አጸደ እንደገና ቅቤያቸውን ይዘው መጥተዋል፤ የእሷንም ሆድ ዳስሰው ማሕፀኗ ወርዷል ብለዋል። ሶፋው ላይ ማን እንደሚተኛ ልንገራችሁ?

ስቃችኋል። ግን በማን ነው የሳቃችሁት?

መራራውን ሁሉ ለምራታችሁ እያጠጣችሁ ልጃችሁን "እሱ ምን ይነካዋል" የምትሉ እናንተ አይደላችሁም? ሠርጉ ባለፈ ማግስት የሙሽራ ሆድ የምትመለከቱ እናንተ አይደላችሁም? ሚስቱ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ስትንከራተት በር ላይ የሚጠብቃት ባል ከመካከላችን የለም? ገላችንን የሠራው እግዚአብሔር ነው እንላለን፤ ታዲያ ለገላችን የሰጠውን ሥርዓት ማወቅ ከመቼ ጀምሮ ነውር ሆነ? ስናጋባቸው አንድ ሥጋ ሁኑ ብለን እንመርቃለን። ልጅ ሲዘገይ ግን ያንን አንድ ሥጋ ለሁለት ከፍለን ጥፋቱን ለእሷ እንሰጣለን።

አለመውለድ ኃጢአት አይደለም። የተጠነቀቀ ሁሉ ይወልዳል ብዬም አልዋሻችሁም። ይመኙሻልም ሁሉን አድርጋ ላይሆንላት ይችል ነበር። ነገር ግን ዕድሏን የነሳት እግዚአብሔር አይደለም። አልጋዋ ላይ ሰው ተኝቶበት ነበር።

እናንተ እናቶች፣ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ከዚያ አልጋ ላይ ተነሱ። እኛ ጸሎተኞቹም ከሶፋው እንነሳ። አንተም ባል የሆንከው፣ ትራስህን አንሳና ወደ ሚስትህ ግባ።